አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፦ ከመግባታችሁ በፊት ብታውቁት የሚበጅ

የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲጠይቁ ቀድሞ የሚመጣው የዶርም፣ የካፌና የዲፓርትመንት ምርጫ ጉዳይ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱንም ሲኒየር ተማሪዎች በደንብ ያውቁታል። ብዙም የማይጠየቀው ግን ግቢው ከሃይስኩል በምን እንደሚለይ ነው። መምህሮቹ ክፍል ገብተው ከማስተማር ሌላ ገና መልስ ያልተገኘለትን ነገር በላብራቶሪ፣ በመስክና በመዛግብት ይመረምራሉ፤ የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪዎችን ያማክራሉ። ይህን ሳያውቅ የገባ ተማሪ ሃንድአውት ሲያነብ ከርሞ ይመረቃል፤ ያ ደግሞ በጣም ያሳዝነኛል።

በአገራችን በምርምር ዩኒቨርሲቲነት የተለዩት የመንግሥት ተቋማት ስምንት ናቸው፦ አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ሐሮማያ፣ አርባ ምንጭና መቀሌ። አንጋፋው አዲስ አበባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተብሎ ሲጀምር የተቀበለው 33 ተማሪዎችን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 አፄ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ሰጥተውት በስማቸው ተጠራ፤ የአሁኑን ስሙን ያገኘው ከአብዮቱ በኋላ ነው። የስድስት ኪሎው ዋና ግቢ ያ ቤተ መንግሥት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩትም እዚያው ቅጥር ውስጥ ነው። ዛሬ ሕንፃው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ስለሆነ ተማሪ ሳትሆኑም ገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ምርምር ምን እንደሚመስል ለማየት ከእንዶድ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዚያን ለማጥናት አድዋ ሄደው ነበር። የበሽታው ትል ዕድሜውን በከፊል የሚያሳልፈው በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። በሕይወት ያሉትን ሰብስበው በዕቃ አስቀመጡና የእንዶዱ አረፋ እንዲጨመርበት ጠየቁ፤ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ረጅምና አድካሚ ነው። ፍሬው ደርቆ ይፈጫል፣ በተለያየ መጠን በውሃ ይበጠበጣል፣ የሞቱት ይቆጠራሉ። ምንም ያልተጨመረበት ውሃ ውስጥ ያሉትም አብረው መቆጠር አለባቸው፤ አለዚያ የገደላቸው እንዶዱ ይሁን ሌላ ነገር አይታወቅም። የግብርና ባለሙያው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ የተሻሉትን የእንዶድ ዓይነቶች በመምረጥ ደከሙ። እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። ያም ሆኖ ግኝቱ በቶሎ ጥቅም ላይ አልዋለም፤ በሰውና በአካባቢ ላይ ጉዳት እንደማያደርስ በዓለም አቀፍ መስፈርት ይረጋገጥ ተብሎ ዓመታት ወሰደ። አክሊሉ በዚሁ ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ (የበሽታ ምርምር) ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

አራት ኪሎ የሳይንስ ግቢ ነው። ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክሩና የእንስሳት ሙዚየሙ እዚያ ናቸው፤ የኋለኛውን ከመግባታችሁ በፊት ብታዩት ጥሩ ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪው ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ሥራ የጀመረው የምድር መግነጢሳዊ ወገብ፣ ማለትም የመግነጢስ መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል አግድም የሚቆምበት መስመር፣ በአዲስ አበባ አቅራቢያ ስለሚያልፍ ነው፤ እንዲህ ያለ ቦታ በዓለም ላይ ብዙ የለም። የመሬት መንቀጥቀጥም ይመዘግባል። እ.ኤ.አ. መስከረም 2005 አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ስፋቱ እስከ 8 ሜትር የሚደርስ ስንጥቅ በቅልጥ ዐለት ተሞልቶ ምድር ስትላቀቅ ካጠኑት መካከል የዚህ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነበሩ።

ሌሎቹ ግቢዎች የተበታተኑ ናቸው። ኢንጂነሪንግ አምስት ኪሎ፣ ሕክምና ጥቁር አንበሳ፣ አርክቴክቸር ልደታ፣ ኮሜርስ ሰንጋ ተራ፣ የእንስሳት ሕክምና ደግሞ ቢሾፍቱ ነው። ስለዚህ “አዲስ አበባ ደርሶኛል” ብላችሁ ሻንጣ ከማንሳታችሁ በፊት የትኛው ግቢ እንደሆነ አጣሩ። ዩኒቨርሲቲው ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ማለፍ ብቻውን አያስገባም፤ ዩኤቲ የሚባል የራሱ የመግቢያ ፈተና አለው። በራሳቸው ከፍለው የሚማሩም ስላሉ የዓመቱን ማስታወቂያ እስከ መጨረሻው አንብቡ።

አሁን ብዙ ፍሬሽ የሚሸወድበትን ላሳያችሁ። ጂፒኤ (የሴሚስተሩ አማካይ ውጤት) ተራ አማካይ አይደለም፤ ግሬዱ በክሬዲት፣ ማለትም በኮርሱ ክብደት ይባዛል። በአንድ ሴሚስተር ባለ 4 ክሬዲት ኮርስ ሲ (2.0)፣ ባለ 3 ክሬዲት ቢ ፕላስ (3.5)፣ ሌላ ባለ 3 ክሬዲት ኤ (4.0)፣ ባለ 2 ክሬዲት ቢ (3.0) አመጣችሁ እንበል። 8፣ 10.5፣ 12 እና 6 ሲደመሩ 36.5 ይሆናሉ። ለ12 ክሬዲት ሲካፈል 3.04 ነው። ባለ 2 ክሬዲቱን ወደ ኤ ብታሳድጉት 3.21 ይሆናል። ባለ 4 ክሬዲቱን ከሲ ወደ ቢ ብታሳድጉት ግን 3.38 ትደርሳላችሁ። ተማሪው ግን ከባዱን ኮርስ ፈርቶ ቀላሉን ሲያጠና ያመሻል። ለመመረቅ ቢያንስ 2.00 ሲጂፒኤ (የሁሉም ሴሚስተሮች አማካይ) ያስፈልጋል፤ በኤክዚት ኤግዛም (በመውጫ ፈተና) ደግሞ 50 ከመቶ።

የመመረቂያ ጥናት ላይ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ጥያቄው ነው። “በኢትዮጵያ የውሃ ብክለት” ብሎ የጀመረ ተማሪ አይጨርስም። “የቀበና ወንዝ ናይትሬት በሦስት ቦታዎች፣ በበጋና በክረምት” ያለ ግን ይጨርሳል፤ የት እንደሚቀዳ፣ ምን እንደሚለካ፣ ከምን ጋር እንደሚያነጻጽር ያውቃላ። እሱም ቢሆን ውሃውን በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድቶ ፀሐይ ላይ ቢያቆየው ድካሙ ከንቱ ነው። ባክቴሪያዎቹ ሥራቸውን ስለማያቆሙ ላብራቶሪ ሲደርስ የሚለካው ናይትሬት ወንዙ ውስጥ የነበረው አይደለም። ናሙናው በበረዶ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ተይዞ በ48 ሰዓት ውስጥ መለካት አለበት። ላብራቶሪው መቼ ክፍት እንደሆነ፣ ኬሚካሉ መኖሩንም ከመቅዳታችሁ በፊት ጠይቁ።

ርዕስ ፍለጋ አራተኛ ዓመትን አትጠብቁ። የዩኒቨርሲቲው የማስተርስና የፒኤችዲ ቲሲሶች (የመመረቂያ ጽሑፎች) በድረ ገጹ ማከማቻ ውስጥ አሉ፤ ብዙዎቹን በነጻ ታወርዳላችሁ። መጀመሪያ አብስትራክቱን (አጭር ማጠቃለያውን)፣ ቀጥሎ መጨረሻ ላይ ያለውን “ወደፊት ሊጠና የሚገባው” የሚለውን ክፍል አንብቡ፤ ብዙ ጥሩ ርዕስ ያለው እዚያ ነው። ሐሳብ ስትወስዱ ምንጩን ጻፉ። አረፍተ ነገር ገልብጦ ማስገባት ሥራውን እስከ ማስሰረዝ ያደርሳል።

ማንም የማይነግራችሁ አንድ ነገር የወረቀት ጉዳይ ነው። በመንግሥት ወጪ የሚማር ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ የፈረማችሁትን ሁሉ ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ። ሲመረቁ ከላይብረሪ፣ ከዶርምና ከላብራቶሪ ክሊራንስ ይጠየቃል። ያልተመለሰ አንድ መጽሐፍ ቴምፖውን (ጊዜያዊ ዲግሪውን) ያስቀራል፤ ኦሪጅናል ዲግሪው ደግሞ የወጪ መጋራቱ ዕዳ ሳያልቅ አይሰጥም።