«እንባ የለውም»

የሴቶች እግር ኳስ ዓምድ የተሰጠኝ ሴት ስለሆንኩ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም፤ ዋና አዘጋጃችንም ደብቆት አያውቅም። የዝውውር ወሬው፣ የፕሪሚየር ሊጉ ትንታኔ፣ የቅዳሜው ክርክር ተከፋፍሎ ሲያልቅ «ያቺን ነገር አንቺ ያዣት» አለኝ። ያቺ ነገር ስድስት ደቂቃ ናት። በሁለት ማስታወቂያ መሀል የምትገባ፣ ሰዓት ሲጠብ ደግሞ መጀመሪያ የምትቆረጥ።

እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ ያነባል። ሬዲዮ የሠራ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። አንዱ የአየር ሰዓቱን ይገዛል፣ ስፖንሰር ያመጣል፣ በጂንግሉ ስሙ ይጠራል፤ ሌሎቻችን ወረቀት እናቀብላለን። የእኛው ሰውዬ መነጽር ማድረግ ስለማይወድ ጽሑፉን በትልልቅ ፊደል ነው አትሜ የምሰጠው። ድምፁ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ድምፅ ነው። የስልክ ማውጫ ቢያነብ ሰው ሬዲዮ አይዘጋም።

ነገሩ የሆነው ፖላንዳዊቷ አጥቂ ኤቫ ፓዮር ከጀርመኑ ቮልፍስበርግ ወደ ባርሴሎና በተዛወረችበት በ2024 ክረምት ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፤ የኳስ ነገር በእኛ አቆጣጠር ሲነገር ግራ ያጋባል)። እኔ ደስ ብሎኛል። አዲስ አበባ ውስጥ «ባርሳ» የሚል ቃል ያለበት ወረቀት አይቆረጥም፤ ስለዚህ ስድስቷም ደቂቃ ሙሉ ለሙሉ ልትተላለፍልኝ ነው። የባርሳውን ጉዳይ ግን በሁለት አረፍተ ነገር አለፍኩት። ሌላውን ሁሉ የሰጠሁት ለጅማሬዋ ነበር፤ የሚገርመኝ እሱ ነው።

ልጅቷ የ1996 ልጅ ናት። የተወለደችው ኡኒዬዩፍ በምትባል፣ ቫርታ ወንዝ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ነው፤ ፍልውሃ አላት፣ እንግዳ የሚሄድባት ለእሱ ነው። ኳስ የጀመረችው እዚያው አካባቢ ቪየሌኒን በሚባል መንደር በኦርሌንታ ቡድን ነው። ከዚያ ገና በልጅነቷ ወደ ሜዲክ ኮኒን ሄደች። ኮኒን የከሰል ድንጋይና የኃይል ማመንጫ ከተማ ናት፤ ክለቡ ደግሞ የሴቶች ክለብ ነው። የወንዶች ቡድን ተቀጥላ አይደለም፤ ታዳጊ ቡድን ያለው፣ ከታች የሚያሳድግ፣ ራሱን የቻለ የሴቶች ክለብ። በ2012 ገና በ15 ዓመቷ በኤክስትራሊጋ፣ ማለትም በአገሪቱ ከፍተኛው የሴቶች ሊግ ተሰለፈች። በ2013 በ16 ዓመቷ ስዊዘርላንድ ኒዮን ላይ ፖላንድ ስዊድንን 1 ለ 0 አሸንፋ ከ17 ዓመት በታች የአውሮፓ ሻምፒዮን ስትሆን እዚያ ቡድን ውስጥ ነበረች። ዋናው የሴቶች ብሔራዊ ቡድን እኮ ያኔ አንድም ትልቅ ውድድር ረግጦ አያውቅም! ቀጥሎ በ2014 እና በ2015 ከሜዲክ ጋር የሊግ ዋንጫ አነሳች፤ በ18 ዓመቷ ቮልፍስበርግ ወሰዳት።

እኔን ያስደነቀኝ የመንገዱ መደልደል ነው። መንደር ውስጥ ቡድን አለ፣ ከመንደሩ ቀጥሎ ክለብ አለ፣ ከክለቡ ቀጥሎ የታዳጊ ብሔራዊ ቡድን አለ። ልጅቷ በየደረሰችበት የሚቀበላት ቤት ነበረ። ይሄን ነበር ደከም ብዬ የጻፍኩት።

ከስርጭቱ በፊት ኮሪደር ላይ ጠራኝ። ወረቀቱን አንብቦታል፤ እሱ ራሱ ብርቅ ነው።

«ጥሩ ነው» አለኝ። «እንባ የለውም።»

«የምን እንባ ጋሼ?»

«የችግር ነዋ! ኳሷን ከምን ሠራችው? ከካልሲ ነው ከላስቲክ?»

«ፖላንድ ናት እኮ።»

«ፖላንድ ድሃ የለም?»

«አለ። እሷ ግን ክለብ ነበራት።»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ። በልጅነቷ ክለብ ገባች፣ በ15 ተሰለፈች፣ በ16 ሻምፒዮን ሆነች። መንገድ የተጠረገለት ሰው ነው ያመጣሽልኝ። አድማጩ ምን ይሁን? ያጨብጭብ?»

«ቢያጨበጭብስ?»

«ያጨበጨበ ሰው አይደውልም የኔ ልጅ። ያለቀሰ ነው የሚደውለው።»

መልስ አጣሁ። አነጋገሩ የሚያናድደው እውነትነት ስላለው ነው፤ ስልኩ ካልጮኸ ስፖንሰሩ ይጮሃል። እንባ ከሆነ የተፈለገው ግን ነበረኝ። «ጋሼ፣ እንግዲያው የመጨረሻውን ገጽ እናስረዝመው» አልኩት። «ቮልፍስበርግ በ2013 እና በ2014 በተከታታይ የሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ ወስዶ ነበር። እሷ በ2015 መጣች። ከዚያ ወዲህ ክለቡ በ2016፣ በ2018፣ በ2020፣ በ2023 ለፍጻሜ ደርሶ አራቱንም ተሸነፈ። በ2023ቱ ፍጻሜ አይንድሆቨን ላይ እሷ ገና በ3ኛው ደቂቃ አግብታ፣ 2 ለ 0 እየመሩ፣ ባርሴሎና 3 ለ 2 አሸነፋቸው። የዚያን ዓመት የውድድሩ ከፍተኛ ግብ አግቢ ደግሞ እሷው ናት። አሁን የሄደችው የነጠቋት ቤት ነው። ይሄ አያስለቅስም?»

ትንሽ አሰበበት። ማሰቡን ልመስክርለት።

«ይሄ የሽንፈት ነው» አለኝ። «ሽንፈት የአርሰናል ደጋፊ አለው፤ ጠግቦታል። እኔ የምልሽ የችግር ነው።» ወረቀቱን ጠቅልሎ ስቱዲዮ ገባ።

እስከ ሦስተኛው ገጽ ድረስ እንደ ጻፍኩት አነበበው። ድምፁን ስሰማው እንዲያውም ራሴን ወደድኩት። ከዚያ ዓይኑን ከወረቀቱ አነሳ። አብሮት የሠራ ሰው ይሄን ምልክት ያውቀዋል፤ ዓይኑ ከወረቀት ከተነሳ ወዴት እንደሚሄድ እግዜር ነው የሚያውቀው። ቴክኒሽያኗ ቡናዋን አስቀመጠች።

«አድማጮቻችን፣» አለ ዝግ ብሎ፣ «ይህች ልጅ ወደ ኮኒን ክለብ ልትሄድ ስትነሳ ጫማ አልነበራትም። ጫማ! እናት ምን ታድርግ? ጓሮ የታሰረች አንዲት የምትታለብ ላም ነበረች። የቤቱ ተስፋ እሷው ነበረች። እናት በማለዳ ተነሳች፣ ላሟን ፈታች፣ ገበያ ይዛት ወጣች...»

ከመስተዋቱ ወዲህ ቆሜ በእጄ «ተው» እላለሁ። አይቶኛል። አይቶኝ ጭራሽ ላሟን ዞር ብላ ልጅቷን እንድታይ አደረጋት።

ስልኩ ያን ቀን እንደ ጮኸ ጮኾ አያውቅም። አንድ አባት እናታቸው ለደብተር በግ እንደሸጡላቸው ተናግረው መጨረስ አቃታቸው። አንዲት ሴት ከዱባይ ደውላ ለታናሽ እህቷ ጫማ ልትልክ እንደወሰነች ተናገረች። አንድ ወጣት ብቻ ነው ነገሩን ወደ ቤት የመለሰው፤ «ለመሆኑ ለሎዛ አበራ ማን ላም ሸጠላት? ስለሷ ለምን አትነግሩንም?» አለ። አለቃችን «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ከማስታወቂያ በኋላ እንመለሳለን» አለው። አልተመለሰም። ኢትዮጵያዊቷ አጥቂ ሎዛ ከዱራሜ ተነስታ እስከ ማልታው ቢርኪርካራ ድረስ የሄደችበትን ታሪክ ከዚያ በፊት ጽፌው ነበር፤ በወንዶች የዝውውር ወሬ ምክንያት የተቆረጠው እሱ ነው። ይሄን እዚህ ላይ ማንሳቴ ሆን ብዬ ነው።

እንደ ወጣ በሩ ላይ ያዝኩት።

«ጋሼ፣ ላሟ ከየት መጣች?»

«መንደር ነው የጀመረችው አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«መንደር ውስጥ ላም የለም?»

«ይኖራል...»

«እናት የላትም?»

«አላት።»

«በቃ። እናቷም ያንቺ፣ መንደሩም ያንቺ። እኔ የጨመርኩት ገበያውን ነው።»

በሚቀጥለው ሳምንት እርማት እንዲነገር ጠየቅኩ። ሰው ፊት ነው የጠየቅኩት፤ የሳምንቱ ስብሰባ ላይ። ከልቡ ገርሞት አየኝ። «ምን ብለን ነው የምናርመው? አድማጮቻችን፣ ላሟ ተመልሳለች ልንል ነው?» ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ቴክኒሽያኗ ሳይቀር። እኔም አፌን በእጄ ያዝኩ እንጂ አልቀረሁም፤ እስከዛሬ የሚያናድደኝ ከሁሉ በላይ እሱ ሳቅ ነው።

ላሟ ከእኛ ቤት ወጥታ ሄደች። ሌላ ጣቢያ ላይ ሰማኋት፤ እዚያ ሁለት ሆናለች። ቲክቶክ ላይ ከበስተጀርባ ዋሽንት ተጨምሮባት አየኋት። በ2025 ክረምት ፖላንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሴቶች አውሮፓ ዋንጫ ደርሳ ሉሰርን ላይ ዴንማርክን 3 ለ 2 ስታሸንፍ ፓዮር አንዷን ግብ አገባች፤ የፕሮግራማችን የቴሌግራም ገጽ «የላሟ ልጅ አገባች» በሚል መልእክት ተሞላ። እዚያ ለመድረስ ቪየና ላይ ኦስትሪያን የረታችውን ግብ ያገባችው እሷ መሆኗን፣ ግንቦት ላይ ከባርሳ ጋር ሊዝበን ውስጥ በአርሰናል 1 ለ 0 ተሸንፋ አምስተኛ የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ማጣቷን የጻፈ የለም። እኔ ጻፍኩ። ሁለት ሰው ላይክ አደረገው፤ አንዷ እህቴ ናት።

ከዚያ ስፖንሰር መጣ። ዓምዷን በግሏ ስፖንሰር ያደረገ ሰው ከዚያ በፊት ኖሮ አያውቅም። መርካቶ የጫማ ሱቅ ያለው ሰውዬ ነው፤ ታሪኩን መኪና ውስጥ ሆኖ ሰምቶ እንዳለቀሰ ነገረን። ማስታወቂያው ዛሬም ከዓምዷ በፊት ይነገራል፦ «ላም ሳይሸጡ የሚገዙት ጫማ!» እውነቱ ስድስት ደቂቃዬን ሊያስከብርልኝ አልቻለም ነበር፤ ላሟ አስከበረችልኝ። አሁን ዓምዷ አትቆረጥም፤ እንዲያውም ወደ ዐሥር ደቂቃ አድጋለች፤ የትራንስፖርት አበልም ተጨምሮልኛል። የሎዛም ታሪክ በመጨረሻ የተላለፈው በዚያ የጫማ ሱቅ ብር ነው፤ ያውም ሳይነካካ፤ ምክንያቱም ሎዛን የሚያውቅ ሁሉ ይሰማል።

ለተለማማጅ ልጆች አሁን የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፤ ስክሪፕት ላይ «መንደር» የሚል ቃል አታስገቡ። ከተማውን ጥቀሱ፣ ወንዙን ጥቀሱ፣ የክለቡን ስም ጥቀሱ። ወረቀት ላይ ክፍት ቦታ ካለ ሰውዬው ከብት ያስገባበታል። ልጆቹ ይስቃሉ፤ ማስታወሻ የሚይዝም አለ።

እኔም በዚሁ ዘዴ ተማምኜ ነበር የባርሴሎናዋን አማካይ የአይታና ቦንማቲን ታሪክ የጻፍኩት፤ በ2025 ሦስተኛውን ባሎንዶር፣ የዓለም ምርጥ ተጫዋች ሽልማት፣ በተከታታይ በወሰደች ሰሞን። በጣም ጥንቁቅ ነበርኩ። ወላጆቿ የካታላን ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ መምህራን መሆናቸውን ገና ከመጀመሪያው አስቀመጥኩ። መጽሐፍ ያለበት ቤት፣ ደመወዝ ያለበት ቤት፣ ገበያ የሚወጣ ነገር የሌለበት ቤት። ይሄም አልበቃኝም። ወረቀቱን ከመስጠቴ በፊት በቀይ እስክሪብቶ፣ በጠርዙ ላይ፣ ያለ መነጽርም እንዲታየው አግዝፌ «ላም የለም!» ብዬ ጻፍኩበት።

አንደኛውን ገጽ በሰላም አነበበ። መምህራኑን አነበበ። ከዚያ ዓይኑ ጠርዙ ላይ አረፈ፣ ቆም አለ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አድማጮቻችን፣» አለ፣ «እስኪ አስቡት። የመምህር ደመወዝ። እዚያ ቤት ላም እንኳ የለም። የሚሸጥ ላም እንኳ የለም!»

ቴክኒሽያኗ ወደ እኔ ዞራ ሳታይ እጇን ወደ ስልኩ ሰደደች። ሁሉም መስመሮች በርተው ነበር።