ከድሬ ለሹዋሊድ ሐረር ለሚወጣ ሰው

የሐረሪዎችን በዓል ሹዋሊድን ባለፈው ዓመት ቀን አስቦ የሚነሳ ሰው በዓሉ ይቀርበታል። ከዒድ አል ፈጥር ማግስት ጀምሮ ስድስት ቀን ይጾማል፤ በዓሉ ከረመዳን ቀጥሎ ባለው ወር፣ ሸዋል 8 ይውላል። በእኛ አቆጣጠር ግን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ይመጣል። ረመዳን በ29 ወይም በ30 ማለቁ የሚለየው ጨረቃ ስትታይ ስለሆነ፣ አልጋ የሚይዝ ሰው አንድ ሌሊት ጨምሮ ይያዝ።

ደንገጎን ወጥቶ፣ ሐረማያና አወዳይን አልፎ ሐረር ለመግባት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። መንገዱ አያማርርም፤ የሚያማርረው አልጋው ነው። ዩኔስኮ በዓሉን ኅዳር 2016 ዓ.ም ከመዘገበው ወዲህ ተፈላጊነቱ ጨምሯል መሰለኝ፣ እጥፍ ከፍዬ በባልዲ ታጠብኩ። «በዓል አይደል እንዴ!» አለኝ አከራዩ፣ ቧንቧውም በዓል እያከበረ ይመስል። ገንዘብ ከመክፈል በፊት ቧንቧ ከፍቶ ማየት ነው።

በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ጁገል አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። ባጃጅ ከውስጥ ጠባብ መንገዶች ስለማይገባ ቀሪው በእግር ነው። የከዚራን ቀጥ ያለ ጎዳና የለመደ የድሬ ሰው ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ አቅጣጫ ይጠፋዋል። «አው ሹሉም አሕመድ» ወይም «አው አክበራ» ብሎ መጠየቅ ይበቃል፤ ዋናው የሚካሄደው በእነዚህ ሁለት አዋቾች፣ ማለትም የወሊዮች መዘከሪያ ስፍራዎች፣ ነው።

ብዙ ጎብኚ መድረኩንና ሰልፉን አይቶ ይመለሳል፤ እኔ ግን ማታ ዚክሪው፣ መንፈሳዊው ዜማ፣ ያለበት ቁጭ ማለትን እመርጣለሁ። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ከረቡ የሚባለው ከበሮ ይመታል፤ ከበል የሚባሉት ሁለት የእንጨት ጠፍጣፋዎች በእጅ ይጋጫሉ። ሲጀምር ዝግ ያለ ነው፤ ከዚያ ድምፁ እየፈጠነ ሲሄድ ከበሉ ደረት ላይ የሚያርፍ ይመስላል። ችግሩ ስልክ ይዞ በአውጪውና በተቀባዩ መካከል የሚገተር ሰው ነው፤ ተያይተው ስለሚዘልቁ ቅብብሉ ይሰበራል። መቅረጽ ካስፈለገ አስፈቅዶ፣ ከጎን። ጫማ በር ላይ ይቀራል፤ ሴቶች ሻሽ ይያዙ።

አንዲት አትላስ የለበሱ እናት «ና ልጄ፣ እዚህ ተቀመጥ» ብለው ቦታ ለቀቁልኝና የቡና ቅጠል ቁጢ በወተት ቀዱልኝ፤ ጨው አለበት፣ ስኳር የለመደ ምላስ በመጀመሪያው ጉንጭ ይደነግጣል። ሁለተኛውን ራሴ ጠየቅኩ።

የሐረር ማታ ለድሬ ሰው ይበርዳል፣ ጃኬት አይረሳ። ዚክሪው ሲመሽ ስለሚደምቅ በዚያው ሌሊት ወደ ድሬ ለመውረድ የሚያስብ ሰው ባይመጣ ይሻለዋል።