ጥርስ ያላመጣው ተቅማጥ

ጤና ጣቢያ ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ክፍል የሚሠራ ሰው «ጥርስ እያበቀለ ነው» የሚለውን ሳይሰማ አይውልም። ልጁ ያለቅሳል፤ ጥርስ ነው። ያተኩሰዋል፤ ጥርስ ነው። ያስቀምጠዋል፤ አሁንም ጥርስ ነው። ባሕር ዳር ስሠራ ይህን ነገር በደንብ እንዳስብበት ያደረገችኝ ተቅማጥና ትኩሳት ይዟት ጣና ሐይቅ ዳር ካለችው ከዘጌ የመጣች የስምንት ወር ሕፃን ናት።

ሚያዝያ ነበር፤ ሙቀቱ የሚብስበት ጊዜ። እናትና አያት የጠዋቱን ጀልባ ይዘው መጡ። እኛ ጋ ያኔ ደንቡ አንድ አስታማሚ ብቻ ይግባ የሚል ነበር። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ አያቶች ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ይጠብቁ ነበር። እኚህ አያት ግን «የልጄን ልጅ ትቼ አልቀመጥም» ብለው ዘበኛውን አልፈው ገቡ።

«ሲስተር፣ የጥርስ ነው» አሉኝ ገና ሳልጠይቃቸው። «ግግ አለባት። የሚያወጣላት ሰው አግኝተናል። ይቺ ናት ሐኪም ካላያት ብላ እምቢ ያለችው።» እናትየዋ አንገቷን ደፋች።

ግግ ማስወጣት የሚባለው ድዱን በስለት ከፍቶ ገና ያልበቀለውን ክራንቻ ፈልቅቆ መጣል ነው። ድዱ ላይ የሚታየው ነጣ ያለ እብጠት ግን በሽታ አይደለም። ክራንቻው ራሱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ16 እስከ 22 ወር ባለው ጊዜ በራሱ ይወጣል። ሲፈለቀቅ ልጁ ብዙ ሊደማ ይችላል፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ቴታነስም አለ። ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስ ሳይቀር ሊበላሽ ይችላል። በተቅማጥ የደከመ ሕፃን ላይ ይህ ሲጨመርበት ማሰብ ያመኛል።

አፏን አየሁ። ከታች ፊት ለፊት አንድ ጥርስ ብቅ ብሏል፤ አጠገቡ ያለው ድድ አብጧል። ጥርስ ማብቀሏስ እውነት ነው። ትኩሳቷ ግን 38.9 ዲግሪ ነው። ዓይኗ ጎድጉዷል። የሆዷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው ቀስ ብሎ ተመለሰ። ውሃ ስናቀርብላት ትስገበገባለች። ይህ የፈሳሽ እጥረት ነው። ጥርስ የሚያበቅል ልጅ ይነጫነጫል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ያገኘውን ያኝካል፣ ሰውነቱም ትንሽ ሞቅ ሊል ይችላል። ከ38 ዲግሪ ያለፈ ትኩሳትና ተቅማጥ ግን ሌላ ምክንያት አላቸው። አካባቢው ወባ ስላለበት ደሟን አስመረመርን። ወባ አልነበረባትም።

በክብደቷ ልክ ፓራሲታሞል ሰጠናትና ኦ.አር.ኤስ የሚባለውን የፈሳሽ መተኪያ ዱቄት በጠበጥን። መጠኑ ለእያንዳንዱ ኪሎ 75 ሚሊ ሊትር ነው። ልጅቷ 7 ኪሎ ስለሆነች ከግማሽ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ፣ በአራት ሰዓት ውስጥ። ኩባያውንና ማንኪያውን ለአያት ሰጠኋቸው። በጣም ታጋሽ እጅ አላቸው። ሲያስመልሳት ትንሽ አረፍ አድርገው እንደገና ይጀምራሉ።

«ታዲያ ምክንያቱ ጥርሱ ካልሆነ ጥርሱና ተቅማጡ ለምን አብረው መጡ?» አሉኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ስድስት ወር አካባቢ ልጁ ከእናቱ ይዞት የተወለደው መከላከያ ይቀንሳል። ምግብ ይጀምራል። መዳህ ይመጣል። ድዱም ስለሚበላው ወለል ላይ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። «ጡጦዋን በምን ታጥቡታላችሁ?» ስል «በሐይቁ ውሃ» አለች እናትየዋ። የምትጠጣውን ያፈላሉ፤ ጡጦዋንና ማንኪያዋን ግን በዚያው ባልፈላ ውሃ ያለቀልቃሉ።

«ድዷንስ እንዲሁ ልተዋት? አረቄ ነካ ላድርግላት?» አሉ አያት።

አረቄ አይሆንም። እናትየዋም ከውጭ የተላከላትን የድድ ማደንዘዣ ቅባት ከቦርሳዋ አወጣች። ቤንዞኬይን የሚባለው መድኃኒት ያለበት ነው። ይህ መድኃኒት ደም ኦክስጅን እንዳያደርስ ሊያደርግ ስለሚችል ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤትም በ2018 እ.ኤ.አ. ይህንኑ አስጠንቅቋል። ማርም ቢሆን ዓመት ሳይሞላ አይቀመስም።

ከዚያ አያትን እጃቸውን በሳሙና አስታጠብኳቸውና ጥፍራቸውን አየሁ፤ አጭር ነው። «በጣትዎ ድዷን ቀስ እያደረጉ ይሹላት» አልኳቸው። ልጅቷ መጀመሪያ ተቆጣች፤ ወዲያው ጣታቸውን ነክሳ ያዘች። ማልቀሷን ተወች። ቤት ሲሄዱ ደግሞ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ ፈልቶ በበረደ ውሃ እያራሱ እንድታኝከው ይስጧት አልኩ። ማቀዝቀዣ ባይኖርም የፈላውን ውሃ የታጠበ ገንቦ ውስጥ ከድኖ ማሳደር ያቀዘቅዘዋል። አገጯን ከለሃጩ ማድረቅና ቫዝሊን መቀባት፣ ጡት ደጋግሞ ማጥባት። ለድዱ ከዚህ የበለጠ ብዙም አያስፈልገውም።

ከሰዓት በኋላ ዓይኗ ሞላ፤ ሸናችም። ዚንክ ለ10 ቀን፣ ኦ.አር.ኤስ ለቤት ሰጠናቸው። ደም ከታየ፣ መጠጣት ካቃታት ወይም ትኩሳቱ ከባሰ በዚያው ቀን እንዲመለሱ ነገርናቸው። አያት ሲወጡ «ለሰውዬው አትምጣ ብዬ እልክበታለሁ» አሉ።

እኔን የያዘኝ ይህ ቃል ነው። ምክሩን ሁልጊዜ ለእናት ስንሰጥ ኖረናል፤ እናት ደግሞ ሐኪሙ ያላትን ይዛ ቤት ስትገባ ብቻዋን ናት። ሰውየውን የምታስጠራውም የምታስቀረውም አያት ናት። በማግስቱ ጉዳዩን ለባልደረቦቼ አነሳሁና ተስማማን፦ ከሕፃኑ ጋር አያት ከመጣች አብራ ትገባለች፤ ክፍሉ ቢጠብ እኛ እንቆማለን። «ግግ አለው ያላችሁ ሰው አለ?» የሚለውንም ጥያቄ እኛው ቀድመን እንጠይቃለን። ብዙዎቹ ካልተጠየቁ አያነሱትም።