የአንኮበር ወሬ ባዝል ምን ይሠራል?

ባለፈው ነሐሴ የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። እሱ የጴንጤ ሴሚናሪ ተማሪ ነው። ይህ ነገር ቤታችን ውስጥ አንድ ሰሞን ብዙ ኩርፊያ አስነስቶ ነበር፤ አሁን በርዷል። እማማ ብቻ በፍልሰታ ሲመጣ ሽሮውን ታቀርብና «እዚህ ቤት ጾም ነው» ትለዋለች።

«ጋሼ፣ አንኮበር ውጣና የቤተ መንግሥቱን ኮረብታ ፎቶ አንሳልኝ፤ ስለ ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ስለ ክራፍ የጥናት ወረቀት እየጻፍኩ ነው» አለኝ። ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቴ ወጣሁ፣ ሁለቴም ጉም ፎቶ አንስቼ ተመለስኩ። ግን እስከዚያ ድረስ ነገሩ ለራሴም ሱስ ሆኖብኝ ቀረ።

ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል በምትባል ከተማ በ1815 አንድ የፕሮቴስታንት ሚስዮን ማኅበር ተቋቋመ፤ በዓመቱ ሴሚናሪ ከፈተ። ተማሪዎቹ አብዛኞቹ ከጀርመን አገር ከቩርተምበርግ የመጡ የገበሬና የባለ እጅ ልጆች ነበሩ። እንግሊዞቹ ደግሞ ገንዘብና መርከብ ሞልቷቸው ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ቸገራቸው። ስለዚህ ባዝል ያስተምራል፣ የለንደኑ ማኅበር ይቀጥራል። እኛ አገር የገቡት ጎባት፣ ኢዘንበርግና ክራፍ ሦስቱም በዚህ በር ያለፉ ናቸው።

ያስገረመኝ የዚያ ትምህርት ቤት የመዝገብ አያያዝ ነው። ልግባ ብሎ የሚያመለክት ልጅ መጀመሪያ የሕይወት ታሪኩን በእጁ ይጽፋል፦ የት ተወለድክ፣ አባትህ ምን ይሠራል፣ ልብህ እንዴት ተመለሰ። ከዚያ የተማሪዎች መዝገብ ላይ ይሰፍርና ቁጥር ይሰጠዋል። ወረቀቶቹ እስከ ዛሬ እዚያው ከተማ አሉ። የተጻፉት ግን በድሮው የጀርመን የእጅ ጽሕፈት ነው። ያንን ማንበብ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ የዛሬው ጀርመን ራሱ ሳይማረው አያነበውም፣ እኛ ቅኔ ቤት ሳንውል የቅኔውን ምሥጢር እንደማናገኘው።

ክራፍ ደግሞ ደህና ተማሪ እንዳይመስላችሁ። በ1827 ገባ፣ የምሥጢራውያንን (እግዚአብሔርን በልብ ጸጥታ የሚፈልጉ ጸሐፊዎችን) መጻሕፍት ሲያነብ ልቡ ተከፈለና በ1829 ጥሎ ወጣ። ቱቢንገን ሄዶ ቲዎሎጂ ተማረ፣ ሰባኪ ሆነ፣ የዓለም መጨረሻ ደርሷል የሚል ስብከት ሰብኮ ከአለቆቹ ጋር ተጣላ። አንኮበር የደረሰው እንዲህ ሲንከራተት ኖሮ ነው፤ በ1839፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን። አብሮት የመጣው ኢዘንበርግ በወራት ውስጥ ሲመለስ እሱ ሦስት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው እስኪወጣ ድረስ ቆየ።

ካህናቱ በልደት ክርክር (ክርስቶስ ስንት ልደት አለው በሚለው) እርስ በርስ በተፋጠጡበት ሰዓት መጥቶ እሱም ሌላ ክርክር ጨመረ። ንጉሡ ደግሞ ከመጽሐፉ ይልቅ ዓይናቸው ጠመንጃውና የእጅ ሙያው ላይ ነበር። ኦሮምኛ ይማራል፣ ወንጌል ይተረጉማል፣ ከንጉሡ ጋር ዘመቻ ይወጣል። በ1841 የእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ ሲመጣ ደግሞ ለመልእክተኞቹ ረዳትና አስተርጓሚ ሆነላቸው፤ በኅዳር አንጎለላ ላይ ውል ተፈረመ። እዚህ ላይ እኔ ደስ አይለኝም። ወንጌል ልሰብክ መጣሁ ያለ ሰው የመንግሥት ጉዳይ ውስጥ እጁን ከከተተ በኋላ ሕዝቡ ቢጠረጥረው ምን ይገርማል? የአክስቴ ልጅ በዚህ አይስማማም፣ «ቋንቋውን የሚችል ሌላ ማን ነበር?» ይላል። ያም ሆነ ይህ በ1842 ከሸዋ ወጣ፣ ወሎ ላይ ተዘረፈ፣ ልመለስ ቢል ንጉሡ በሩን ዘጉበት።

አሁን ወደ ወረቀቶቹ ልመለስ። የተማሪነቱ ፋይል ባዝል ነው። ከአንኮበር የጻፋቸው ደብዳቤዎች የለንደኑ ማኅበር ንብረት ስለሆኑ በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ሰብስቦ የላካቸው የግዕዝ ብራናዎች ቱቢንገን ናቸው፤ የግዕዝን ትልቅ መዝገበ ቃላት በ1865 ያሳተመው ጀርመናዊው ምሁር ዲልማን የተማረው እዚያው ዩኒቨርሲቲ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው አንኮበር ውስጥ ያሳለፈውን ጊዜ በሙሉ ለማንበብ ሦስት ከተማ መዞር ሊኖርብህ ነው፣ አንዷም አንኮበር አይደለችም።

በዚህ መናደድ ፈልጌ ነበር፣ ግን ቶሎ በረደልኝ። ደብዳቤዎቹ የተረፉት ክራፍ ስለጻፈ ብቻ አይደለም፤ ሪፖርት የሚጠይቅና የመጣለትን ወረቀት የማይጥል መሥሪያ ቤት ስለነበረ ነው። ከክራፍ ጋር ቁጭ ብሎ የተከራከረው የሸዋ ደብተራ እጁ የተፍታታ ጸሐፊ ነው፣ ከክራፍ አያንስም። ግን «ዛሬ አንድ ፈረንጅ መጥቶ እንዲህ አለኝ፣ እኔም እንዲህ አልኩት» ብሎ በየወሩ የሚልክለት ማኅበር የለውም። ስለዚህ ክርክሩን ሁሉ የምንሰማው ከአንድ ወገን ነው፣ በክርክሩም ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ክራፍ ነው። (እስቲ እናንተ ብትጽፉት ትሸነፉ ነበር?)

ይህን ሁሉ በስልክ ስነግረው ልጁ ዝም ብሎ ሲሰማኝ ቆየ። በመጨረሻ «የአንተስ ወረቀት የት ነው የሚቀመጠው?» አልኩት።

«ፍላሽ ላይ አለ፣ ጋሼ።»

«ሌላስ?»

«ኢሜይሌ ላይ... መሰለኝ።»

በመስከረም ሲመጣ አሳትሞ ይዞልኝ መጣ። በሦስተኛው ጉዞዬ ጉሙ ገልጦልኝ ስለነበር ገጽ 9 ላይ ኮረብታው ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንዱን ኮፒ አንኮበር ለሚያስተምር ጓደኛዬ ሰጠሁት። ሌላው እማማ ቁም ሳጥን ውስጥ ከመሬት ካርታው ጋር ነው፤ የጴንጤ ወረቀት መሆኑን ገና አልነገርናትም።