ካጆል፦ ቅንድቧን ያልነካች፣ ሰርጓን የደበቀች

ፒያሳ ላደገ ሰው የሕንዷን ተዋናይት ካጆልን ለመውደድ ሂንዲ ማወቅ አያስፈልገውም ነበር። በእኛ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ሠራተኛ ሰፈር ቪዲዮ ቤት ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተን ቁጭ ብለን፣ አንድም ቃል ሳይገባን፣ እሷ ስታለቅስ እናለቅስ ነበር። አብሯት የሚሠራውን አክተር ሁሉም ያውቀዋል፣ ሻሩክ ካን ነው። የእኔ ዓይን ግን ሁሌም እሷ ላይ ነበር። ስትስቅ በሙሉ ፊቷ ነው፣ ስትናደድም እንደዚያው።

አሁን የሰፈራችን ፀጉር ቤት ያሉት ልጆች ከእሷ በኋላ የመጣችውን የሕንድ ተዋናይት ዲፒካን ነው የሚያውቁት። ዲፒካም ጎበዝ ናት፣ ምንም አልልም። ካጆል ግን ስትረሳ ዝም ብዬ ማየት ስላልቻልኩ ይቺን እየጻፍኩ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የተወለደችው ሙምባይ ነው፣ ነሐሴ 1974። ቤቱ የፊልም ቤት ነው። እናቷ ታኑጃ ተዋናይት፣ አባቷ ሾሙ ሙከርጂ ፊልም ሠሪ፣ አክስቷ ኑታን ደግሞ በዘመኗ ከነበሩት ትልልቅ ተዋናዮች አንዷ። አያቷ ሾብና ሳማርትም ተዋናይት ነበረች። አዳሪ ትምህርት ቤት ስትማር ቆይታ የመጀመሪያ ፊልሟን ገና በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ሠራች፣ እሱም 1992 ላይ ወጣ። ፊልሙ አልሄደም። በዓመቱ «ባዚጋር» መጣና ሰው ስሟን ያዘ። 1995 ላይ ደግሞ «ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ» ወጣ፣ ከዚያ በኋላማ ማን ያቆማታል። ሙምባይ ውስጥ ማራታ ማንዲር የሚባል ሲኒማ ቤት አለ፣ ይሄን አንድ ፊልም ከሃያ ዓመት በላይ በየቀኑ ሲያሳይ የኖረ። ያቋረጠው ኮሮና ሲመጣ ነው፣ ሲኒማ ቤቶች ሲከፈቱ እንደገና ቀጠለ።

እኔ ግን ሁሌ ለሰው የማነሳው «ጉፕት»ን ነው፣ የ1997ቱን። በዚያ ዘመን የሕንድ ፊልም ላይ አክትረሷ ደግ ናት፣ ታለቅሳለች፣ ትዘፍናለች፣ አለቀ። ካጆል እዚህ ፊልም ላይ ክፉዋን ሆና ሠራች። በክፉ ገጸ ባሕሪ የሕንዱን ትልቅ የፊልም ሽልማት፣ ፊልምፌርን፣ የወሰደች የመጀመሪያዋ ሴትም ሆነች። ያኔ የፍቅር ፊልም ንግሥት ነበረች እኮ! ስሟን የሚያቆሽሽ መስሎ ሊታይ የሚችል ሥራ መያዝ ቀላል ድፍረት አይደለም።

የ1998ቱ ፊልሟ «ኩች ኩች ሆታ ሄ» ሲቀረጽ ሞሪሸስ ላይ ብስክሌት ስትነዳ ክፉኛ ወድቃ ነበር። ራሷን ስታ፣ ስትነቃም ለተወሰነ ጊዜ ምንም ማስታወስ አቅቷት ነበር። ዛሬ ያኔ የተቀረጸውን ዘፈን ስታዩት ብስክሌቱ ላይ እየሳቀች ነው። እኔ ይሄን ካወቅኩ ወዲህ ያንን ዘፈን ሳየው ልቤ ይሰጋል።

ስለ ቅንድቧም ማውራት አለብኝ። ሁለቱ ቅንድቦቿ አፍንጫዋ ላይ ሊገናኙ ትንሽ ነው የሚቀራቸው፣ እሷም ትታቸዋለች። የአንድ ኢንዱስትሪ ዋና ተዋናይት ሆና ሜካፕ አርቲስቱ፣ ካሜራማኑ፣ ጋዜጣው ሁሉ ፊቷን ሲያይ እንደዚያው ኖረች። እዚህ ፀጉር ቤት ገብቶ ፀጉር ብቻ ተሠርቶ መውጣት የማይታሰብ ነው። ገና ከመቀመጥሽ «ቅንድብሽን ላንሳልሽ?» ይመጣል፣ እምቢ ካልሽ በመስታወቱ ውስጥ አንድ ጊዜ ዞር ብለው ያዩሻል፣ «ምን ሆነሽ ነው?» የሚል አስተያየት። ወፍራም ቅንድብ ላላቸው የሰፈራችን ልጆች ካጆል መልስ ነበረች። እኛ «የካጆል ነው» እንል ነበር፣ ደግሞ ያስኬድ ነበር።

ከሁሉም በላይ የማከብራት ግን በትዳሯ ነው። ባሏን፣ ተዋናዩን አጃይ ዴቭጋንን ያገኘችው 1995 የወጣ አንድ ፊልም አብረው ሲሠሩ ነው። እሱ ዝምተኛ፣ እሷ ወሬኛ። የካቲት 1999 ላይ ተጋቡ። የዚያን ጊዜ ዕድሜዋ 24 ነው፣ «ኩች ኩች ሆታ ሄ» ከወጣ ገና ጥቂት ወራት ነው፣ ከእሷ በላይ የምትፈለግ ተዋናይት ብትፈልጉ አታገኙም። ሰው ሁሉ ሥራዋ አለቀ አለ። አባቷ ራሱ ሥራሽ ላይ አተኩሪ ብሎ ለአራት ቀን አኩርፏት እንደነበር እሷው ተናግራለች። እሷ ግን ወሰነች፣ አደረገችው። ሰርጉ ቤት ውስጥ ተደረገ፣ ጋዜጠኞች እንዳይመጡ የተሳሳተ ቦታ ተነገራቸው። አዳራሽ ለመያዝ፣ ቬሎ ለመከራየት፣ ለዲኮርና ለቪዲዮ ዓመት ሙሉ ተበድሮ የሚያገባ ሰው ለሞላባት አዲስ አበባ፣ ከሕንድ ትልልቅ ኮከቦች ሁለቱ እንዲህ መጋባታቸውን ብነግራችሁ ደስ ይለኛል።

ከዚያ ያለው መንገድ አልጋ በአልጋ አልነበረም። 2001 ላይ «ካቢ ኩሺ ካቢ ጋም» ወጥቶ ዓለም ሲጨፍርበት እሷ ሆስፒታል ነበረች፣ ጽንስ ወርዶባት። ይሄንንም የነገረችን ራሷ ናት። ልጇ ኒሳ 2003 ተወለደች። ካጆል ከፊልም ራቅ አለችና ልጇን አሳደገች። 2006 ላይ በ«ፋና» ተመልሳ መጣች፣ በዚያው ፊልም የምርጥ ተዋናይትን ፊልምፌር ይዛ ሄደች። ሁለተኛ ልጇ ዩግ የተወለደው 2010 ነው፣ የዚያው ዓመት ሥራዋ «ማይ ኔም ኢዝ ካን» አምስተኛውን የምርጥ ተዋናይት ፊልምፌር አመጣላት። አምስት ጊዜ በመውሰድ ከአክስቷ ከኑታን ጋር እኩል ሆነች። ይታያችሁ፣ ከአምስቱ ሦስቱን የወሰደችው ካገባች በኋላ በወጡ ፊልሞች ነው! አለቀላት የተባለችው ሴት።

እዚህ ከተማ ስንት ጎበዝ ሴት አውቃለሁ፣ ወይ «አግቢ እንጂ ዕድሜሽ እየሄደ ነው» ወይ ደግሞ «ካገባሽ ሥራሽ ገደል ገባ» እየተባለች በሁለት በኩል የምትጎተት። ካጆል ለሁለቱም ወገን አልሰገደችም። ስትፈልግ አገባች፣ ስትፈልግ አረፈች፣ ስትፈልግ ተመለሰች። ቤተሰቧ የፊልም ቤተሰብ መሆኑ፣ ገንዘብም መኖሩ ረድቷታል፣ ይሄ መባል አለበት። ቢሆንም ገንዘብም ዘመድም ኖሯቸው ይሄን ማድረግ ያልቻሉ ብዙ ናቸው።

አሁን ወደ ሆድ። የካጆል የአሳና የባህር ምግብ ፍቅር የታወቀ ነው። ምን ይገርማል፣ በአባቷ በኩል ቤንጋሊ ናት፣ በእናቷ በኩል ደግሞ ማራቲ፣ ሁለቱም ያለ አሳ የማይሆንላቸው ናቸው። በየዓመቱ መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ የሚከበረው የሂንዱዎች በዓል ዱርጋ ፑጃ ሲደርስ የሙከርጂ ቤተሰብ ሙምባይ ውስጥ ትልቅ ድግስ ያዘጋጃል። እሷም ሳሪዋን ለብሳ ትመጣለች፣ ሰው ተደርድሮ ሲቀመጥ ባልዲና ጭልፋ ይዛ ታስተናግዳለች። ልክ እንደ እኛ ዝክር ነው፣ ሀብታም ድሃ ሳይል ሁሉም ከአንድ ድስት ይበላል። የሚቀርበው ኪቹሪ ነው፦ ሩዝና ማሾ በኢርድና በዝንጅብል አብሮ የተቀቀለ፣ አጠገቡ የአትክልት ወጥ፣ መጨረሻ ላይ በወተት የተሠራ የሩዝ ጣፋጭ።

የቤንጋል ሰው አሳን በሰናፍጭ ነው የሚሠራው። ሰናፍጭ ደግሞ የእኛም ጓዳ ውስጥ አለ፣ ለጾም። እኔ እቤት እንዲህ አደርገዋለሁ። ቆሮሶ እገዛለሁ፣ በጨውና በኢርድ አሽቼ ትንሽ አስቀምጠዋለሁ። ሰናፍጩን ከቃሪያ ጋር በትንሽ ውሃ እፈጨዋለሁ፣ ጨው ከሌለበት ይመርራልና ጨው አይረሳ። አሳውን በዘይት ገልበጥ ገልበጥ አድርጌ አወጣና እዚያው ዘይት ላይ ጥቁር አዝሙድ በተን፣ ሽታው ሲነሳ የተፈጨውን ሰናፍጭና ውሃ ጨምሬ፣ ሲንተከተክ አሳውን እመልሰዋለሁ። ብዙ እሳት አይወድም። በሩዝ ይበላል ይላሉ፣ በእንጀራም ሞክሩት፣ አፍንጫን ቆንጠጥ የሚያደርገው ነገር ከእንጀራው ጋር ሲገናኝ ሌላ ነው።

ካጆልን ለማታውቋት ልጆች፦ በድሮዎቹ አትጀምሩ። መጀመሪያ ኔትፍሊክስ ላይ «ትሪብሃንጋ»ን እዩት፣ የ2021 ነው። ባሕላዊ ጭፈራ ተጫዋች ሆና፣ ስድቧ አፏ ላይ ያለ፣ ደራሲ ከሆነች እናቷ ጋር የተቀያየመች ሴት ሆና ነው የምትሠራው። ሃምሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሴት ስትናደድ እንዴት እንደሆነ ታያላችሁ። ከወደዳችሁት «ጉፕት» ይከተላል፣ መጨረሻውን የሚነግራችሁ ሰው አጠገባችሁ እንዳይቀመጥ ብቻ። የሻሩኮቹን ከእናቶቻችሁ ጋር ብታዩዋቸው ይሻላል፣ ዘፈኖቹን በቃላቸው ያውቋቸዋል።