የአንባቢ ድምፅ፣ የደጋፊ ድምፅ

እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ! አገር ቤት ሆናችሁ ዶሮ የምትበልቱም፣ በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በዱባይ ከሥራ መልስ ስልካችሁን የምትከፍቱም፣ 2018 የጤናና የንባብ ዓመት ይሁንላችሁ።

አንባቢዎቻችን በድምፅ የመረጡትን የ2017 ምርጥ መጽሐፍ ውጤት በጳጉሜ አይታችኋል። ማን እንዳሸነፈ አልደግመውም። ዛሬ ስለ ድምፅ አሰጣጡና ስለ ቆጠራው እናውጋ። በውስጥ መስመር ከመጣልን ጥያቄ (ስድቡም ሳይቀር) አብዛኛው ስለ እሱ ነበርና።

ዳኞች የሚሸልሙበት መንገድ ለእኛ አዲስ አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ሲሸልመው ገና 29 ዓመቱ ነበር። ያኔ የሚወስነው ኮሚቴ ነው። አንባቢ ይወስን ሲባል ግን ሌላ ጣጣ ይመጣል። «ድምፅ ስጡ» ስትል ያነበበው ብቻ አይመጣም። የደራሲው የሰፈር ልጅ ይመጣል፣ የአክስቱ ልጅ ይመጣል፣ በሦስት ሲም ካርድ ሦስት አካውንት የከፈተውም ይመጣል።

ደራሲው ወዳጆቹን መቀስቀሱን አልነቅፍም። እኛ አገር ብዙው ደራሲ በራሱ ገንዘብ ነው የሚያሳትመው። መጽሐፉን ተሸክሞ በየመደብሩ ይዞራል፣ ለአዟሪ ይሰጣል፣ ሒሳቡን ለመሰብሰብ ደግሞ ሌላ ዙር ይመላለሳል። ይህን ሰው «አትቀስቅስ» ማለት ይከብዳል። የእኛ ሥራ የደጋፊን ድምፅ ከአንባቢ ድምፅ መለየት ነው።

ለዚህ ነው ዘንድሮ ድምፅ የሚሰጥ ሁሉ ስለ መረጠው መጽሐፍ ሁለት መስመር ይጻፍ ያልነው። የመራጩ ቁጥር ካምናው አሽቆለቆለ። እኔ ደስ ብሎኛል። የተጻፈው ግን ጉድ ነው! አንዱ ስለ ግጥም መድበል «ሴራው ልብ ይሰቅላል» ብሎ ልኮልናል። አልቆጠርነውም።

«ለምን አንድ መጽሐፍ ብቻ አንመርጥም? ደረጃ አውጡ ማለት ምን አመጣው?» ላላችሁ፣ ሐሳቡን የወሰድነው ከሁጎ ሽልማት ነው። ሁጎ ከ1953 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለሳይንሳዊ ልብ ወለድና ለምናባዊ ድርሰቶች የሚሰጥ፣ የዓለም የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጉባኤ አባላት ድምፅ የሚሰጡበት ሽልማት ነው። መራጩ ዕጩዎቹን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ ይደረድራል። አንድም መጽሐፍ ከግማሽ በላይ ድምፅ ካላገኘ፣ ከሁሉ ያነሰ ድምፅ ያገኘው ይወጣና የመራጮቹ ድምፅ ወደ ቀጣይ ምርጫቸው ይሻገራል። ሁለት ጥሩ ታሪካዊ ልብ ወለዶች አንባቢ ተሻምተው ሁለቱም ሲወድቁ ላየ ሰው ጥቅሙ ግልጽ ነው።

ከሁጎ የወሰድነው ሌላም አለ፤ «ማንም አይሸለም» የሚለው አማራጭ። በ2015 (እ.ኤ.አ.) የተደራጁ ቡድኖች የሚፈልጓቸውን ዕጩዎች ዝርዝር ለደጋፊዎቻቸው አስይዘው የዕጩነቱን ቦታ ሞሉት። አባላቱም በአምስት ዘርፎች «ማንም አይሸለም» ብለው መለሱላቸው። እኛ ጋ በአጭር ልብ ወለድ ዘርፍ ይኸው አማራጭ አሸነፈ። ቅር ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለእኔ ግን ከዓመቱ ውጤት ሁሉ የሚታመነው እሱ ነው። ለሽልማት ተብሎ የሚሸለም መጽሐፍ ለማንም አይጠቅምም፣ ለደራሲውም ጭምር።

ብዙ ያነታረከን ግን የማትገምቱት ነገር ነው፤ የኅትመት ዓመት። የ2017 መጽሐፍ የቱ ነው? ውጭ አገር የታተመው «2024» ብሎ ዝም ይላል። ከመስከረም 1 በፊት ከወጣ የ2016 ነው፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ የ2017። ወሩን ማን ያውቃል? ደራሲውን ፈልገን እንጠይቃለን። አገር ቤት ደግሞ ሁለተኛ ኅትመት አዲስ ሽፋን ለብሶ እንደ አዲስ መጽሐፍ ይመጣል። ደራሲዎችና አታሚዎች፣ እባካችሁ ወሩንና ስንተኛ ኅትመት እንደሆነ ጻፉልን። አንድ መስመር ናት።

«ፒዲኤፉን ላኩልኝና ልምረጥ» ያላችሁ የባሕረ ሰላጤና የአውሮፓ ወዳጆቼ፣ አልላክንም፣ አንልክምም። ቅሬታችሁ ግን እውነት አለው። አዲስ አበባ መደርደሪያ ላይ ያለ መጽሐፍ ሪያድ አይደርስም። ስለዚህ ውጤታችን የመጽሐፉን ጥራት ብቻ ሳይሆን የት ድረስ እንደተጓዘም ይናገራል፤ ስታዩት ይህን አስቡበት። ከአገር ቤት የሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ ከበርበሬው ጎን ለሁለት መጽሐፍ ቦታ ካለ፣ ለመጪው ምርጫ መፍትሔው ከዚያ ይጀምራል።

አሁን አንድ ነገር ልለምናችሁ። በ2017 ወጥቶ ያነበባችሁት፣ ወዳችሁትም ከዕጩዎቹ መሃል ያላያችሁት መጽሐፍ ካለ ርዕሱን ጻፉልኝ፤ ከሁለት መስመር ጋር። የመስከረም ንባቤን ከእናንተ ዝርዝር ነው የምጀምረው።

መልካም አዲስ ዓመት!