አምስት ቀዳዳ

ዛሬ ከሰዓት ከአባዬ ጋር ቁምሳጥኑን ስናጸዳ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አገኘን። መርፌና ክር መስሎኝ ከፈትኩት። በላስቲክ የታሰረ ጠባብ የወረቀት ጥቅል ነው። ስፋቱ ጣቴን ያህላል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተበሳስቷል።

አባዬ በወጣትነቱ ቴሌክስ ላይ፣ ማለትም የተጻፈ መልእክት በመስመር ሩቅ በሚልከው ማሽን ላይ ነበር የሚሠራው፤ አዳማ ገና ናዝሬት በምትባልበት ጊዜ። ያኔ መስመሩ የሚያስከፍለው በደቂቃ ነው። ስለዚህ መልእክቱን አስቀድሞ ረጋ ብሎ ወረቀት ላይ ይበሳዋል። መስመሩ ሲገናኝ ጥቅሉን ማሽኑ ውስጥ ይከታል። ማሽኑ በደቂቃ 400 ያህል ፊደል እያነበበ ይልካል።

ወረቀቱን መስኮቱ ላይ ዘርግቶ አሳየኝ። በስፋቱ አምስት የቀዳዳ ቦታ አለ። በመካከላቸው ወረቀቱን የሚጎትተው ጥርስ የሚገባባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። አባዬ በጥፍሩ እየነካ ያነብ ጀመር። ሦስተኛና አራተኛ፣ ኤን። አንደኛና ሁለተኛ፣ ኤ። አንደኛና አምስተኛ፣ ዜድ። ሁለተኛና አራተኛ፣ አር። ዳር ላይ አንዲት ብቻ፣ ኢ። በሌላው ዳር አንዲት ብቻ፣ ቲ። ናዝሬት! ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

ኢ እና ቲ በአንድ ቀዳዳ የቀሩት በእንግሊዝኛ በብዛት ስለሚመጡ ነው። እንዲህ ያደላደለው ዶናልድ መሬይ የሚባል የኒውዚላንድ ሰው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1901 ገደማ። ቀዳዳው ሲያንስ ማሽኑም ቶሎ አያረጅም። አምስት ቀዳዳ ግን ቢገለባበጥ ከ32 ዓይነት አያልፍም። የኛ ፊደል ከ200 በላይ ነው! የአማርኛውን ቴሌፕሪንተር፣ ማለትም በመስመር የመጣውን መልእክት በፊደላችን የሚያትመውን ማሽን የሠሩት ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ ምን ዓይነት ፈተና እንደገጠማቸው የገባኝ ዛሬ ነው።

ትንሽ ዝቅ ብሎ አራት ረድፍ፣ አምስቱም ቀዳዳ ተበስቷል። ምን ፊደል ነው አልኩት።

«እዚህ ጋ ተሳስቻለሁ» አለኝ።

የተበሳ ወረቀት አይደፈንም። ስለዚህ ወረቀቱን ወደ ኋላ መልሶ፣ በስህተቱ ላይ አምስቱንም ይበሳል። ማሽኑ እሱን ሲያገኝ ምንም ሳያትም ያልፋል። በኋላ የኮምፒውተሮቹ ኮድ ሰባት ቀዳዳ ሲሆንም ዘዴው ያው ነበር፤ ሰባቱም ከተበሳ ተሰርዟል ማለት ነው። ሰባቱ ሙሉ ሲሆኑ በኮምፒውተር አቆጣጠር 127 ይሆናሉ። ዛሬም በኮምፒውተር ኮድ ውስጥ 127 የመሰረዣ ቦታ ነው። እኔ በቀን ስንቴ ስልኬ ላይ እየጻፍኩ አጠፋለሁ፤ የትኛው ጋ እንደተሳሳትኩ ምልክት እንኳ አይቀርም። የአባዬ ስህተት ግን ይኸው፣ በእጄ ይዤዋለሁ። አራት ፊደል። ምን ሊል ነበር ይሆን? ደጋግሜ በብርሃን አየሁት፤ ከሥሩ የነበረው በቀዳዳ ተውጧል።

መልሼ ልጠቀልለው ስል እጄን ያዘኝ።

«እሷ ጋ ስትደርሺ ቀስ በይ» አለኝ። «ቶሎ የሚቀደደው እዚያ ጋ ነው።»